ኅዳር ሲታጠን በፌርፋክስ

ስለ ወረርሽኝ ልማር ብዬ ተነስቼ አላውቅም። እኔ የፈለግኩት ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትውድ ካለው ፓርኪንግ ጋራዥ መውጣት ብቻ ነበር። ጋራዡ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ማዶ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመስታወቷ የቲኬት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ተማሪ አስገብቻለሁ፣ ተማሪ አስወጥቻለሁ። አንደኛ ዓመት ሲሆኑ መኪና የት እንደሚቆም እኔን ይጠይቁኛል። በአራተኛው ዓመት ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ወላጆቻቸውን ጭነው ይመጡና "ዛሬ የመጨረሻችን ነው!" ብለው ያቅፉኛል። እኔ እዚያው ነኝ። ከወንዝ ዳር ተቀምጦ በውሃ ጥም የሚሞት ሰው አለ ቢሉኝ አድራሻውን መስጠት እችል ነበር።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በየጊዜው አንድ አንድ ኮርስ እየወሰድኩ፣ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኝ፣ ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር አንድ የታሪክ ኮርስ ብቻ ቀረኝ። ኮርሱን አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ክፍል ፊት ቆሞ አስር ደቂቃ መናገር ግዴታ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ። የውሸት እንዳይመስላችሁ፣ የምር አመመኝ። ኤፍ ታቅፌ ቀረሁ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ አራት ለሁለተኛ ጊዜ ስመዘገብ አማካሪዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል "ይሄን ደግመህ ከወደቅህ ማመልከቻህን እርሳው" አለችኝ።

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ነው ኮርሱ። መምህሯ የተጠቀለሉ ወረቀቶች በጎድጓዳ ሳህን አድርጋ አዞረችና ርዕስ በዕጣ አደለችን። ለአንዱ ግንብ ደረሰው፣ ለአንዱ ምግብ፣ ለአንዲቷ የመኳንንት ሴቶች አለባበስ። ለእኔ ሞት ደረሰኝ። ጥቁሩ ሞት፤ በአስራ አራተኛው መቶ ዓመት አውሮፓን ጠራርጎ የሄደው ወረርሽኝ።

ጊዜው ደግሞ የኢቦላ ሰሞን ነው። ቴሌቪዥን ሲከፈት ኢቦላ፣ ሬዲዮ ሲከፈት ኢቦላ። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የታመመ ሰው የለም፤ በሽታው ካለበት አገር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ዮርክ ካለው ይበልጣል። ይህን ለማን ትነግራለህ? ለዓመታት ስቃ ሰላም ስትለኝ የኖረች ደንበኛ ቲኬቱን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ከመኪናዋ መስኮት ዘረጋችልኝና "ሰሞኑን ወደ አገርህ ሄደህ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ፌርፋክስ ነው አገሬ። ዛሬ ጠዋት ነው የመጣሁት" አልኳት፤ ፌርፋክስ እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያለ የአበሻ ሰፈር ነው። መስኮቷን ዘጋችው።

እኔም ጥፋት አላጣሁም። የማነበው መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የሚጨፍር አጽም አለበት፤ ሳጥኗ ውስጥ ሆኜ እሱን ፊቴ ላይ ገትሬ እውላለሁ። በሦስተኛው ቀን የአገሬ ልጅ የሆነው ሱፐርቫይዘሬ መጣ። "ስማ፣ እሱን ነገር ጋዜጣ ሸፍንበት። ከስተመሮቹ ኮምፕሌይን እያደረጉ ነው። በዚህ ሰሞን አበሻ ስለ ወረርሽኝ ሲያነብ ሲያዩት ደስ አይላቸውም፣ ኦኬ?" አለኝ። ሸፈንኩት። የሸፈንኩበት ጋዜጣ የፊት ገጹ ኢቦላ ነበር።

የምኖረው ከፌርፋክስ አንድ ብሎክ ገባ ብሎ ከጋሼ ጋር ነው። ጋሼ ዘመዴ አይደሉም። ገና ስመጣ ለሁለት ሳምንት ብለው ሳሎናቸው ውስጥ አስተኙኝ፤ ሁለት ሳምንቱ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ሰላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ታክሲ ነጂ የማያውቀው ነገር የለም ይባላል፤ ጋሼ ደግሞ ሌሎቹ ታክሲ ነጂዎች ያላወቁትን ጨምረው ያውቃሉ። ንግግሬን የምለማመደው በእሳቸው ላይ ነበር። ሶፋው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው፣ እንደ ችሎት ዳኛ አገጫቸውን ይዘው ያዳምጡኛል።

ከወሬው ሁሉ የወደዱት ከበሽታው በኋላ የሆነውን ነው።

"ሶ፣ ገበሬው አለቀ" አሉ።

"ብዙው አለቀ። የተረፈው ሠራተኛ ስለተወደደ 'ደሞዝ ጨምሩልን' አለ።"

"ደግ አደረገ! ጌቶቹስ?"

"ከድሮው ደሞዝ በላይ መጠየቅም መክፈልም ወንጀል ነው የሚል አዋጅ አወጡ።"

ጋሼ ጭናቸውን መቱ። "ሱፐርቫይዘርህ ነዋ! ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ ሳይሞት?"

ውሃ መርዘዋል ተብለው አይሁዶች በየከተማው መቃጠላቸውን ስነግራቸው ግን አልሳቁም። "በሽታ ሲመጣ ከመድኃኒቱ በፊት የሚፈለገው መጤ ነው" አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

አንድ ነገር ግን ደብቄያቸዋለሁ። መምህራችን ስለ ሐኪሞቹ ስታስተምር፣ የዚያ ዘመን ሰዎች በሽታ የሚመጣው ከተበላሸ አየር ነው ብለው ያምኑ እንደነበር ነገረችን። ስለዚህ በየመንገዱ እሳት ያነዱ ነበር፣ ጥሩ ሽታ ያለው እንጨትና ቅጠል ያጨሱ ነበር። አንዱ የሮም ጳጳስ በሐኪሙ ምክር በሁለት ትልልቅ እሳቶች መሀል ተቀምጦ ሰነበተ። "በሽታን በጭስ ሊያባርሩ!" አለች መምህሯ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ዝም ብል የሚነቃብኝ መስሎኝ።

ምኑ ነው የሚነቃብኝ? እኔ እኮ ኅዳር ሲታጠን ያደግኩ ሰው ነኝ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከጨረሰ ወዲህ፣ በየዓመቱ ኅዳር አስራ ሁለት ቀን እያንዳንዱ ቤት ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ደጅ ከምሮ እሳት ይለቅበታል። ከተማው በጭስ ይታፈናል። ማንም ሰው "ይሄ ነገር ሳይንስ ነው ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ጳጳሱን በሁለት እሳት መሀል የሚያሳይ ስላይድ ሠራሁ፣ ርዕሱንም "የሞኞች ጭስ" አልኩት። ለጋሼ ስለማመድ ይችን ስላይድ እየዘለልኩ ነበር።

የንግግሬ ቀን አርብ ዋለ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር አስራ ሁለት መሆኑን አላስተዋልኩም፤ ስልኬ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ሻወር ወስጄ፣ ያለችኝን አንዲት ነጭ ሸሚዝ ተኩሼ ለብሼ፣ መስታወት ፊት "ጉድ አፍተርኑን" እያልኩ ስለማመድ ጭስ ሸተተኝ። መኪና የተቃጠለ መሰለኝ። በጓሮ በር ሮጬ ወጣሁ።

ጋሼ ናቸው። ከአፓርትማው ጀርባ፣ መኪና ከሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ተውሰው ያመጡት የባርቢኪው መጥበሻ ፊት ቆመዋል። ዓይናቸው ላይ የዋና መነጽር አድርገዋል። መጥበሻው ውስጥ ያልነደደ ነገር የለም። የድሮ የስልክ ማውጫ፣ በፖስታ የሚመጣ የክሬዲት ካርድ ማስታወቂያ፣ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ፣ ከመናፈሻው በሁለት ፌስታል ለቅመው ያመጡት የባሕር ዛፍ ቅጠል። ጭሱ ወፍሮ፣ ነጥቶ፣ የጎረቤቶቹን መስኮት አልፎ የዘንባባውን ዛፍ ጫፍ ይዟል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከሽቦው መሀል፣ አንዲት የዶሮ እግር ብቻዋን ተጋድማለች።

"ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ኅዳር አስራ ሁለት ነው። በኢቦላ ዓመት ቤቱ ሳይታጠን ይለፍ?"

"ድርቅ እኮ ነው! ሳር እንኳን አታጠጡ ተብለናል! ፋየር ዲፓርትመንት ቢመጣስ?"

"ይምጣ። ባርቢኪው ነው። ባርቢኪው በአሜሪካ ሊጋል ነው።"

"ዶሮዋስ?"

"እሷ ለምስክርነት ናት።"

"ዛሬ እኮ አርብ ነው፣ ጋሼ!"

ይህን አላሰቡበትም ነበር። በሕይወታቸው አንድ አርብ ገድፈው የማያውቁት ሰውዬ፣ በጾም ቀን፣ ያውም በሚካኤል፣ ዶሮ እየጠበሱ ነው። የዋና መነጽሩን ወደ ሰማይ ቀና አደረጉ። "እኔ አልበላትም" አሉ፤ ለእኔ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር።

የእሳት አደጋ መኪናው ሲመጣ የጓሮውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። አራት ግዙፍ ሰዎች ወረዱ። አዛዣቸው ሽበታም ነው፤ መጥበሻውን እያየ "ምንድን ነው የምታበስሉት?" አለ።

"ቺክን!" አሉ ጋሼ፣ ሰላሳ ዓመት ተሳፋሪ ባመላለሱበት ድምፅ።

ሰውዬው ረጅም ብረት አስገብቶ ዶሮዋን ገለል አደረጋት። ከሥሯ የስልክ ማውጫው ወጣ። ከማውጫው ሥር ነጠላ ጫማው ወጣ። ጫማውን በብረቱ ጫፍ አንጠልጥሎ ጋሼን አያቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ንገረዋ እንግዲህ! ስቱደንቱ አንተ አይደለህ?"

ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሽታውን አውሮፓ ካደረሱት መርከቦች፣ ከአይጦቹ፣ ከቁንጫው። የተበላሸ አየር፣ በየመንገዱ የሚነድ እሳት፣ በሁለት እሳት መሀል የተቀመጠው ጳጳስ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ የኅዳር በሽታ፣ በየዓመቱ የሚታጠነው ከተማ። አራቱ ሰዎች የራስ ቁራቸውን እንደደፉ ቆመው ሰሙኝ። አንደኛው ወጣት እጁን አውጥቶ ስለ አይጦቹ ጠየቀኝ። መለስኩለት። ስጨርስ ነው ሆዴን እንዳላመመኝ ያስተዋልኩት።

"ጥሩ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር" አለ ሽበታሙ። "አሁን አጥፉት። ሁለተኛ ከመጣሁ የቅጣት ቲኬት እጽፋለሁ።" ከዚያ ራሱ በውሃ ለቀቀበት። ጥቁሩ ውሃ ተፈናጥሮ ነጩ ሸሚዜ ላይ አረፈ።

መኪናው ሲሄድ ደሜ ፈላ። ክፍሉ ሊጀምር አንድ ሰዓት አልቀረውም፤ ከእግሬ እስከ ራሴ የቆሻሻ ገንዳ ሆኛለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ላይ ጮህኩባቸው።

"ጭስ በሽታ አያባርርም! ይሄ ነገር ውሸት መሆኑ ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል! ክፍሉ በሙሉ የሳቀበት ነገር ነው! እኔም ስቄበታለሁ!"

ጋሼ መነጽሩን አወለቁ። ፊታቸው ጠቁሮ በዓይናቸው ዙሪያ ሁለት ንጹሕ ክቦች ቀርተዋል። "አንተም ሳቅህ?" አሉ። እንዲህ ባለ ፊት መሳቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "ጭስ ጀርም እንደማይገድል ጠፍቶኝ መሰለህ? ስንት ዓመት ሙሉ ዶክተር ከሆስፒታል ወደ ኤርፖርት አመላልሻለሁ። እናቴ የኅዳር በሽታ ሲገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ፣ እናቷ፣ ሁለት ወንድሞቿ ባንድ ሳምንት ውስጥ አለቁ። ቀባሪ የለም፣ አልቃሽ የለም። ሰው በሩን ዘግቷል። አይፈረድበትም፣ ልጅ ያለው ሰው ምን ያድርግ? እሷ ከሬሳዎቹ ጋር ብቻዋን ተቀመጠች። በሩን ገፍታ የገባችው አንዲት ሸክላ ሠሪ ናት። ቡዳ ናት ተብላ የሰፈሩ ሰው ደጇን አይረግጥላትም ነበር። አዝላ አወጣቻት። ከዚያ የቤቱን ጉድፍ ጠርጋ፣ መኝታውን፣ ልብሱን ደጅ ከምራ እሳት ለቀቀችበትና 'እይው፣ ሲሄድ እይው። ከእንግዲህ ወዲያ አይመጣብሽም' አለቻት። እናቴ አመነቻት። ያን ቀን ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ እያበላች አሳደገቻት።"

ይቅርታ እንኳን ለማለት አፈርኩ። ጋሼ መሀረብ አውጥተው ሸሚዜ ላይ ያለውን ጥቀርሻ ሊጠርጉልኝ ሞከሩ፤ ይበልጥ አሰፉት። "ሂድ፣ ባስ ያመልጥሃል" አሉኝ።

ባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ በሁለተኛው ፌርማታ ተነስታ ቆመች። ክፍል ስገባም ያው ነው። እስቲ አስቡት፤ በኢቦላ ሰሞን አንድ አፍሪካዊ፣ ሸሚዙ ጠቁሮ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ ስለ ወረርሽኝ ሊናገር ገባ። ከፊት የተቀመጠ ልጅ የሹራቡን አንገት ወደ አፍንጫው ሳበ። ሌላዋ ወንበሯን ሸሸት አደረገች። መምህሯ "ደህና ነህ?" አለችኝ። በሩን አየሁት። ከወጣሁ ኤፍ፣ ከኤፍ በኋላ ሳጥኗ፣ ሳጥኗ ውስጥ እስከ ጡረታ።

"ደህና ነኝ። ቤቴን አጥኜ ነው የመጣሁት" አልኩ። ማንም አልገባውም፤ እኔ ግን ከጀመርኩ አልቀር ብዬ ቀጠልኩ።

መርከቦቹን ተናገርኩ፣ አይጦቹን ተናገርኩ፣ ደሞዝ የጠየቁትን ሠራተኞችና የተቃጠሉትን አይሁዶች ተናገርኩ። ከዚያ "የሞኞች ጭስ" የሚለው ስላይድ ግድግዳው ላይ በርቶ ወጣ። ጥቂቶቹ መሳቅ ጀመሩ።

"ይቺን ርዕስ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ሞኙም እኔ ነኝ" አልኩና ስለ ኅዳር፣ ስለ ስድስት ዓመቷ ልጅ፣ ስለ ሸክላ ሠሪዋ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ እየተሰበረ ነበር፤ አላረምኩትም። ስጨርስ ሹራብ የሳበው ልጅ አፍንጫው ተገልጧል፤ መቼ እንደገለጠው አላየሁም።

መምህሯ ጥያቄዋን በቀስታ ነበር ያቀረበችው። "ታዲያ ጭሱ ሠርቷል ብለህ ታምናለህ?"

"አልሠራም። ልጅቷን ያዳናት በሩን የከፈተችው ሴትዮ ናት።"

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ታቃጥላላችሁ?"

"ያቺ ሴትዮ ስላቃጠለች" አልኳት። "ሁሉም ዘግቶ ሲቀመጥ በሩን ከከፈተ ሰው ጋር ስለ ሳይንስ ማን ይከራከራል?"

ውጤቱን እዚያው ጽፋ ሰጠችኝ። ቢ ፕላስ፤ ለመዛወር ከበቂ በላይ ነው። ከባስ ወርጄ እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። ጋሼ ታጥበው፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው፣ ሹሮ እያማሰሉ ነበር።

"እህሳ?"

"ቢ ፕላስ! አልፌያለሁ! ስድስት ደቂቃ ስላሳለፍኩ ነው ከኤ የወረደው።"

"እንዴት ያለ አገር ነው? ታክሲ ቢሆን እኮ ላሳለፍከው ይጨመርልህ ነበር እንጂ አይቀነስብህም" አሉና አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ወደ ድስቱ ዞሩ። "የእናቴን ነገር አወራህ?" አሉ፣ ሳያዩኝ።

"አወራሁ።"

"ሳቁ?"

"አልሳቁም። ስወጣ አንዲት ልጅ ተከትላኝ መጥታ የሴትዮዋን ስም ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ማን ነበር ስሟ፣ ጋሼ?"

ማንኪያው ቆመ።

"እናቴ እስክትሞት ድረስ 'ሸክላ ሠሪዋ' ነበር የምትላት" አሉ። "ያንን ሁሉ ዓመት አሳድጋት፣ ስሟን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።"